መኪናው ከፍ ሲል የጭስ ማውጫው ወዴት ይሂድ?



በመርሐቤቴ ለሚካሄደው ሥራ የሚያገለግለውን የመስክ መኪና ከፍ ለማስደረግ መዋጮ ያዋጣችሁ ምዕመናን፣ የወጪውን ዝርዝር ከተመለከታችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ልካችሁልናል። ይኸውም «ባሌስትራው ተቀይሮ መኪናው ከፍ ካለ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦውን እንደ አዲስ ለማሠራት ሌላ ወጪ ለምን አስፈለገ? ጭሱ በየትም በኩል ቢወጣ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ነው። ገንዘቡ ከመቀነታችሁ ፈትታችሁ የሰጣችሁት ስለሆነ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ መልስ መስጠትም ግዴታችን ነው። ከዚህም ሌላ በየፕሮጀክቱ ያሉ ሾፌሮችና አስተባባሪዎች ይህንኑ ሥራ በየአካባቢያቸው ስለሚያሠሩ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳቱ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ዓለም ከተማን ያያችሁ አገሩን ታውቁታላችሁ። ላላያችሁት ግን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን ያለፈ መንገደኛ በጎጃም መንገድ እስከ ሙከጡሪ በሜዳ ይጓዛል። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ለሚን ካለፈ በኋላ ግን መሬቱ ይከዳዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ አቀበት እንደገና ይወጣል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል ያለ አገር ነው። ከዓለም ከተማ ወደየቀበሌው የሚወስደው መንገድ ብዙው ክረምት የቦረቦረው፣ ድንጋይ የፈጠጠበት፣ አንዳንዱም ከበቅሎ መንገድ የማይሻል ነው። መኪናው ከፍ እንዲል የተፈለገውም ሆዱ ድንጋይ እየመታ የነዳጅ ሰልባቲዮውና ካምቢዮው ስለተጎዱ ነው።

በዚህ መኪና ጀርባ የሚጫነውን ደግሞ አስቡ። የክትባት ሳጥን፣ የስንዴ ዘር፣ የምንጭ ማጎልበቻ ቧንቧ ይጫናል። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ይጫናል። ቃሬዛ ላይ የተኛ በሽተኛ፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ አብረዋት የሚሄዱ እናቷና ጎረቤቷ በኋላው በር በኩል ገብተው፣ በሩ ተዘግቶባቸው፣ ሰዓታት ተጉዘው ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል ይደርሳሉ። ሾፌሩና የጤና ሠራተኛው ከፊት ተቀምጠው መስታወት ከፍተው ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ። ታማሚዋ የምትተነፍሰው የኋላውን አየር ነው። የጭስ ማውጫው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከፍ ማድረግ ሲባል

መኪና ከፍ የሚደረግባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት መጨመር ነው። ባሌስትራ ላለው መኪና ጎበጥ ያለ ባሌስትራ ይገባለታል፣ ወይም አንድ ሁለት ቅጠል ይጨመርለታል፤ ሞላ ላለው ደግሞ ረዘም ያለ ሞላ ይተካለታል። ሁለተኛው ቦዲውን ከሻንሲው ላይ አንሥቶ በመካከላቸው መደገፊያ ማስገባት ነው። እኛ የመረጥነው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ርካሽ ቢመስልም ቦዲው ብቻ ከፍ ሲል ካምቢዮው ባለበት ስለሚቀር፣ በማርሹ ዘንግ ዙሪያ ያለው የላስቲክ መሸፈኛ ይጎተታል፣ ይቀደዳልም። ከወለሉ ሥር ያለው ጭስና ሙቀት በዚያ ቀዳዳ ሽቅብ ይገባል። በዚህ መንገድ የተሠራ መኪና ያላችሁ ፕሮጀክቶች ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ያንን ላስቲክ ተመልከቱ።

በነገራችን ላይ ሁለቱም መንገዶች ዲፈረንሻሉን ከመሬት አያርቁትም። ዲፈረንሻሉ ያለው ከጎማዎቹ መካከል ስለሆነ፣ እርሱን የሚያነሣው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው «መኪናው አሁን ከፍ ብሏል» ብለው ያለ ሐሳብ ድንጋይ ላይ የሚወጡ ሾፌሮች ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ቱቦው እንመለስ። የጭስ ማውጫ ቱቦ ከሞተሩ ተነሥቶ በሻንሲው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በመካከሉ ድምፅ የሚቀንሰው ማርሚታ አለ። ሻንሲው ከፍ ሲል ቱቦውም አብሮት ከፍ ይላል። ስለዚህ ባሌስትራው በተቀየረ ዕለት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሥራ ሲጀምር ነው።

በአብዛኛው የመስክ መኪና ቱቦው የኋላውን አክስል በላይ በኩል እንደ ቀስት ጎብጦ ያልፈዋል። አዲሱ ባሌስትራ ከአሮጌው የበለጠ ስለሚዘረጋ አክስሉ ከቀድሞው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ደግሞ አክስሉ ይጣመማል፤ አንዱ ጫፉ ወርዶ ሌላው ወደ ቱቦው ይነሣል። ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚወስደው የሚሽከረከር ዘንግም ከቀድሞው ይበልጥ ያዘቀዝቃል፤ በዚህም ቀድሞ በቂ ክፍተት የነበረው ቦታ ይጠብባል። በመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሳምንታት በኋላ ቱቦው ይሰነጠቃል ወይም ማንጠልጠያው ይበጠሳል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ አጭር ነው። ቱቦው ከአክስሉ በፊት ይቆረጥና ጫፉ በመኪናው ሆድ ሥር ተከፍቶ ይቀራል። ኳኳታው ይቀራል፣ ድንጋይም አይመታውም፣ ሒሳቡም ትንሽ ነው፤ ባለመኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። እኛ የተጨማሪ ወጪውን የመረጥነው ይህ ርካሽ መፍትሔ ጭሱን ከበሽተኛዋ መቀመጫ ሥር ስለሚያስቀረው ነው።

ጭሱ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ

«መኪናው እየሄደ ጭሱ ወደ ኋላ አይቀርም ወይ?» የሚል ይኖራል። በበጋ ከመስክ የተመለሰን መኪና የኋላ መስታወት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊቱ መስታወት ጥቂት አቧራ ሲኖርበት፣ የኋላው ጣት ሊጻፍበት እስኪችል ድረስ በአቧራ ይለበሳል። ምክንያቱም ጀርባው እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ መኪና ሲሄድ አየሩን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋና ከጀርባው ግፊቱ የቀነሰ ቦታ ይተዋል። ያ ቦታ በዙሪያው ያለውን አየር ይስባል፤ ጎማው ያስነሣው አቧራም ዞሮ በሩ ላይ ይለጠፋል። አቧራው በሄደበት ጭሱ ይሄዳል። አቧራው በበሩ ላስቲክ አልፎ መቀመጫው ላይ ካረፈ፣ ከአቧራ ይልቅ የረቀቀው ጋዝ እንደሚገባ ምንም ጥርጥር የለውም።

ይባስ ብሎ ቃሬዛው ወይም ቧንቧው ረዝሞ የኋላ በሩ በገመድ ታስሮ የሚኬድበት ጊዜ አለ። በመንዝ ብርድ ደግሞ የጎን መስታወቶች ሁሉ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ መኪናው አየር የሚስበው በጀርባው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከጭሱ ውስጥ እጅግ አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሌላ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል፤ ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። ያልጋመ ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን የማያውቅ የለም። ያው ጋዝ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያም የአእምሮ መደናገር ነው።

እነዚህን ምልክቶች እንደገና አንብቧቸው። በጀማ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ስንት ነው? ሁሉም «መኪና አይስማማኝም» ይላል። ሎሚ ይሸታል፣ ፌስታል ይሰጠዋል፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይባላል፤ ጉዞውም ይቀጥላል። አብዛኛው እውነትም የመንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ነገር ግን መንገዱ ጭሱን ይሸፍነዋል፤ የጭስ መመረዝ መኪና ማዞር መስሎ ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ቤንዚን የሚጠቀም አሮጌ መኪና ከቆላ ሰዎች ጭኖ ሲወጣ፣ ከኋላ የተቀመጡት አምስቱም ራሳቸውን አማቸው፤ ከፊት የነበርነው ሦስታችን ምንም አልሆንንም። ነገሩ የታወቀው አብራን የነበረችው ነርስ «መንገዱ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ስለ ምን ከኋላ ያሉት ብቻ ታመሙ?» ብላ ስለ ጠየቀች ነው። ወርደን ስናይ ቱቦው ከአክስሉ በፊት ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለሾፌሮቻችን ሁሉ እናስተምራለን፤ እናንተም አስተምሩ። ከኋላ ያሉት ብቻ ከታመሙ፣ ከወረዱ በኋላም ከተሻላቸው፣ ጥፋተኛው ጠመዝማዛው አይደለም።

ምጥ የያዛት እናት ጉዳይ የተለየ ነው። ጋዙ ወደ ፅንሱ ደምም ያልፋል፤ ከእናቲቱ ደም ይልቅ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ለዐዋቂ ሰው እንኳን ተራ አየር ብቻ እየተነፈሰ ከደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። ስለዚህ ሾፌሩ ጭስ ገብቶ እንደነበር ከጠረጠረ ለሐኪሙ ሳያፍር መናገር አለበት።

እውነቱን ለመናገር የእኛ መኪና ናፍጣ ነው፤ የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቤንዚን ሞተር በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም የናፍጣ ጭስ ጥላሸትና ሳንባን የሚቆጠቁጥ ጋዝ አለበት፤ አስም ያለበትን ሰው ወዲያው ያስጨንቀዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን አስታውቋል። ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠው ዕለት ዕለት በመኪናው የሚሠራው ሰው ነው።

የደጋውም ከፍታ ይጨመራል። 2,500 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ መሐል ሜዳን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ በሲሶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚቀበለው አየር ሲያንስ የሚገባው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልምና አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚያው ቦታ የተሳፋሪውም ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ጭሱ የሚበዛውና ሰው ጭስ መቋቋም የሚያቅተው በአንድ ቦታ ነው ማለት ነው።

በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከላይ የሚወድቅ እንዳይኖርና የደም ዕዳ ቤቱን እንዳያገኘው፣ ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የእኛ ጎጆ ጣሪያ ሰው የሚቆምበት ስላልሆነ ሕጉ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። በዚያ አገር ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር፣ ሰውም ይወጣበት ነበር። እንግዳን ቤቱ ያስገባ ሰው ስለ እንግዳው ሕይወት ይጠየቃል ማለት ነው። ሰውን መኪናችን ላይ ስናሳፍር በእኛ ጣሪያ ላይ አውጥተነዋል፤ የወጪው ዝርዝር ለሥራ አመራር ኮሚቴው በቀረበ ጊዜም የተወያየንበት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ቱቦው በየት ይሂድ?

ጫፉ መውጣት ያለበት ከኋላ ጎማው በስተጀርባ፣ በመኪናው ጥግ፣ ወደ ጎን ታጥፎ ነው። ከቦዲው ጠርዝ አንድ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ቢል ጭሱ ወለሉ ሥር አይደበቅም። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከወጣ በሩ ፊት ይተፋል፤ ከዚህም ሌላ መኪናው ከድድ ሲወርድ ጫፉ መሬት ይመታና ይደፈናል። ከኋላ ጎማው በፊት ወደ ጎን ከወጣ ደግሞ ድንጋይ አይነካውም፤ ነገር ግን ጭሱ በተሳፋሪው መስታወት ሥር ይወጣል፣ ጎማውንም ያሞቀዋል። የነዳጅ መሙያው ካለበት ጎንም መራቅ አለበት። መኪናው ከፍ ማለቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ጫፉን ከሻንሲው ወገብ በላይ አድርጎ ለማውጣት ቦታ ይገኛል።

የአክስሉን ነገር በግምት መሥራት አይቻልም። ሥራው ከመበየዱ በፊት መኪናው ሁለት ጊዜ መለካት አለበት። መጀመሪያ ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ፣ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ተቀምጦ፣ አክስሉ እስከ መጨረሻው ይንጠልጠል፤ ከዚያ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ እያነሡ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ነው። ቀጥሎ መኪናው የመስክ ጭነቱን በሙሉ ተጭኖ ይታይ። አንድ ጥሩ መካኒክ ቱቦው ላይ ጭቃ ለጥፎ መኪናውን ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሲነዳ አይቻለሁ፤ ሲመለስ ጭቃው የተጨፈለቀበት ቦታ የሚነካካውን ያሳያል። ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቢያንስ ሦስት ጣት፣ ከፍሬን ቱቦ፣ ከነዳጅ መስመርና ከሰልባቲዮ ደግሞ ቢያንስ አንድ መዳፍ እንዲርቅ እናደርጋለን። ይህን ያህል ማራቅ ካልተቻለ በመካከሉ ላሜራ ይጋረዳል፤ ላሜራው ቱቦውንም ሆነ የሚጠብቀውን ዕቃ ሳይነካ በሁለቱም ወገን አየር ሊያልፍበት ይገባል።

ማንጠልጠያው ላስቲክ መሆን አለበት። ሞተሩ በላስቲክ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ነዳጅ ሲሰጠው ይወዛወዛል፤ ቱቦውም አብሮት ይሄዳል። ቱቦውን ከሻንሲው ጋር መበየድ ጠንካራ ሥራ ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን ከሞተሩ አጠገብ ባለው መጋጠሚያ በኩል መሰንጠቅን ነው። በዚያ በኩል የወጣ ጭስ ደግሞ በፊት በኩል ወደ ሾፌሩ ይገባል። በገጠር የመኪና ዕቃ ሲጠፋ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ክር ያለው ላስቲክ በቡሎንና በዳዶ አጥብቆ ማሰር ይበቃል። የከመነዳሪ ቁራጭ ግን በሙቀት ይለሰልሳል፤ ሽቦም ቱቦውን እንደ መጋዝ ይበላዋል።

ቱቦውን ስለ ማጠፍ አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ቱቦ ሲታጠፍ ክርኑ ላይ ይጨፈለቃል፣ ጭሱም ይታነቃል፣ ሞተሩም አቀበት ላይ ይደክማል። ማጠፊያ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ቱቦውን በአሸዋ ሞልቶ፣ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ፣ በእሳት አግሎ ቀስ ብሎ ያጥፈዋል። አሸዋው በፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ድፍኑን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። የተነከረ የውሃ ቧንቧ ለዚህ ሥራ አይሁን። በያጁ ሲበይደው ከላዩ ያለው ዚንክ ነጭ ጭስ ያወጣና ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ስፋቱም ከፋብሪካው ቱቦ አይነስ። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ከሰልባቲዮው አጠገብ የሚበየድ ነገር ካለ ቱቦው ወርዶ ውጭ ይበየድ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋም ይጨምራል። ከወጪው ዝርዝር ውስጥ «የእጅ ዋጋ» የሚለው ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማርሚታው ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይንጠልጠል። በብርድ ጠዋት ሞተር ሲነሣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ውሃ ዝቅ ባለው ቦታ ከተጠራቀመ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል።

አንዳንድ ወንድሞች «እንደ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ቱቦውን ከጋቢናው ጎን ወደ ሰማይ ብናወጣውስ?» ብለው ጠይቀዋል። ጭሱ በእርግጥ ከሰው በላይ ይወጣል፤ ወንዝ ሲሻገርም ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኛ መኪና ጣሪያው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽና የነዳጅ ጀሪካን የሚጫንበት ነው። የጋለ ብረት ከጀሪካን አጠገብ ማቆም አልፈለግንም። ሕፃናትም መኪና በቆመበት ሁሉ ይደገፉታል። የአየር መሳቢያው ቱቦ ከፍ ተደርጎ የተሠራለት መኪና ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የገዛ ጭሱን መልሶ ይስባል። ለእኛ አልሆነም፤ ለሌላ ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል።

ስለ ወንዝ ካነሣን ዘንድ፣ በበጋ ትንንሽ ወንዞችን የሚሻገሩ ሾፌሮች የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ቢገባ አይደንግጡ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ጭሱ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአንድ ከባድ ማርሽ፣ ማርሽ ሳይቀያየር፣ ነዳጁ ሳይለቀቅ በዝግታ መሻገር ነው። አደጋው ሞተሩ መካከል ላይ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስነሣት ሳይሆን ጎትቶ ማውጣትና ውሃው ተንጠፍጥፎ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ውሃ የገባበት ሲሊንደር ብረት ያጣምማል። በአየር መሳቢያው በኩል የሚገባው ውሃ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ይልቅ ይከፋል። ጥልቅ ውሃ ከመግባት በፊትም ጥቂት ቆም ብሎ የጋለው ብረት ቢቀዘቅዝ መልካም ነው። ክረምት ሲሆን ግን የቱቦው ቁመት ምንም ቢሆን፣ ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

ከኅዳር በኋላ በቆላው በኩል ሣሩ ይደርቃል። ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ የሚቆም መኪና ሥሩ መታየት አለበት፤ በቱቦውና በላሜራው መካከል የተሰገሰገ ሣር ወይም ጭድ ይነቀል። ይህ በተለይ አዲስ ለሚመጡት መኪናዎች ነው። እነርሱ ጭስ የሚያጣሩ ሣጥኖች ቱቦው ላይ አሏቸው፤ ጥላሸቱን ለማቃጠል ራሳቸውን በሚያሞቁበት ጊዜ 600 ዲግሪ ገደማ ይደርሳሉ። እነዚህን መኪናዎች ከፍ የሚያስደርግ ሰው ሣጥኑን ቆርጦ አይጣል፤ ቦታውንም ሳያውቅ አይቀይር፤ በሽቦ ከሞተሩ ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ነውና።

ለአስተባባሪዎች የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ውጭ ሜዳ ላይ ይነሣና አንድ ሰው ወፍራም ጨርቅ ይዞ የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ሴኮንድ ይያዝ፤ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ፉጨት ከተሰማ ጓርኒሲዮኑ ወይም ብየዳው ያስወጣል። ከአቧራ ጉዞ በኋላ የኋላው በር ጠርዝ ከውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ አቧራ ያስገባ ላስቲክ ይቀየር። በሩ ተከፍቶ መሄድ ግድ ሲሆን የፊት መስታወቶች በሙሉ ይከፈቱ፤ ብርድ ቢሆንም ብርድ ልብስ ይጨመር። በሽተኛ ጭኖ አስታማሚ ሲጠበቅ ሞተሩ ይጥፋ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የምታገኙ ፕሮጀክቶች ከኋላ መቀመጫው ጎን፣ በሚቀመጥ ሰው ራስ ትክክል ስቀሉት።

ከመዋጮው የተረፈው ገንዘብ ለኋላ በር ላስቲክና ለዚሁ መሣሪያ መግዣ ተመድቧል። ደረሰኞቹ በሒሳብ ክፍል ስለሚገኙ ማንኛውም ማኅበረ ምዕመናን ተወካዩን ልኮ ማየት ይችላል፤ መኪናውም ለቆጠራ ሲመጣ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እንድታዩ ተጋብዛችኋል።